ባሕር ዛፍን ልንረግም ወጥተን

እውነቱን ለመናገር የወጣነው ለመማር አልነበረም። ቅዳሜ ነው፤ ካፌ ለካፌ መዞሩ ሰልችቶናል፤ ከመካከላችን አንዷ «ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ?» አለች። ሁላችንም ዝም። እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ ግማሾቻችን ስድስት ኪሎ አራት ዓመት የተመላለስን ልጆች፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆኖ ያቋቋመውን 705 ሄክታር የሚሰፋ የዕፅዋት ማዕከል አንዳችንም ረግጠነው አናውቅም። ዱባይ ሞል የሄደ ግን ከመሃላችን አለ።

ወያላው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን፣ ነገርነው። «እዛ ደግሞ ምን አለ?» አለ። «ዛፍ።» «ዛፍ?!» ብሎ ታክሲውን ሙሉ አሳቀብን። ሁለት ታክሲ ቀያይረን፣ የቀረውን ዳገት በእግር ተያያዝነው፤ አንድ ፌስታል ቆሎና ሁለት የሃይላንድ ውኃ ይዘናል (የሃይላንድ ውኃ ማለት የማንኛውም ውኃ ስም እንደሆነ መቼም ይገባችኋል)።

ዳገቱን ስንጀምር እነሱ ይወርዳሉ። ወገባቸው ከመጉበጡ የተነሳ ፊታቸው የማይታይ ሴቶች፣ በጀርባቸው ከቁመታቸው የሚረዝም የቅጠልና የጭራሮ ሸክም። ጭራሮው ግራና ቀኝ ስለሚወጣ መንገዱን ይሞላዋል። ዳር ይዘን አሳለፍናቸው። የተለመደ ነገር ነው፤ በእንጦጦ በኩል የወጣ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኛም አሳልፈን ወሬያችንን ቀጠልን። ወሬያችን ደግሞ ስለ ባሕር ዛፍ ክፋት ነበር!

ፍርዱን ጽፈን ጨርሰን ነበር የወጣነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት እንደተነገረን ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ ሥሩ አፈሩን ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ከሁሉም በላይ መጤ ነው። የዕፅዋት ማዕከሉ ዋና ሥራ ደግሞ ተራራውን ከሸፈነው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ አላቅቆ በአገር በቀል ዛፎች መተካት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አንድ ጥፋተኛ፣ አንድ አዳኝ። አንዷ ጓደኛችን የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር። «ተራራችንን የሰረቀው ዛፍ» የሚል። (ርዕሷን እንዳልተጠቀምንበት ታያላችሁ፤ ለምን እንደሆነ እንደርሳለን።)

ማዕከሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,550 እስከ 2,960 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ አየሩ ወዲያው ይለወጣል። የከተማው ጩኸት ወደ ታች ይቀራል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ኮሶ፣ አምጃ… ስማቸውን ከዘፈንና ከተረት የምናውቃቸው፣ በአካል ግን ቢመጡብን የማንለያቸው። እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለን። ከልጅነታችን ጀምሮ በገና ሰሞን ቤት አስገብተን በጥጥ «በረዶ» ያስጌጥነው ጽድ፣ ለካ የፈረንጅ ጽድ ነው! የሐበሻው ጽድ ሌላ ነው። ትውፊቱን ካመንን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ወጨጫ ላይ ያስተከሉት ይኸኛው ነው።

ረጅም ጊዜ የቆምነው ኮሶው ሥር ነበር። ኮሶን እኛ የምናውቀው በምሬቱ ነው፣ ያውም በአባባል። ጥሬ ሥጋ ወዳድ የሆነው አያቶቻችን ግን አበባውን ወቅጠው እየጠጡ ትላቸውን ያስወጡበት መድኃኒት ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ ሃጌንያ አቢሲኒካ ነው። «አቢሲኒካ»ው ገባን። «ሃጌንያ» ማን ነው? ስልካችንን አወጣን። ሃገን የሚባል የኮኒግስበርግ ከተማ ጀርመናዊ ምሁር ነው፤ ለክብሩ ነው። ሰውየው ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ታሪኩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1769 ጎንደር ሊደርስ አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኮሶን አይቶ፣ ሥዕሉንም መግለጫውንም በ1790 በታተመው መጽሐፉ ሲያወጣ፣ በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር። ሆኖም የባንክስ ስም ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር አልሆነም። (አውስትራሊያን ያዙልን፣ ትመለሳለች።) በኋላ ደግሞ ብራዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ኮሶን ቁስጥንጥንያ ውስጥ አግኝቶት በእሱም ስም ተጠርቶ ነበር። ጎንደር ያለችው ባልቴት የምትወቅጠው መድኃኒት የስንት ሰው ስም እንደተሸከመ አስቡት። እሷ ኮሶ ነው የምትለው፣ አሁንም ኮሶ ነው።

በዚህ ነገር እልህ ያዘንና ፍለጋውን ቀጠልንበት። ሻይ የምናፈላበት ጦስኝ «ሺምፐሪ» ይባላል። ሺምፐር ግን ከሃገን ይለያል፤ እሱስ መጥቷል፣ መጥቶም ቀርቷል። ይህ ጀርመናዊ ዕፅ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1837 ገብቶ፣ ከደጃዝማች ውቤ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ፣ የእንትጮን ግዛት ተሹሞ፣ አገር ቤት አግብቶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። አርባ ዓመት ሙሉ ያደረቃቸው ቅጠሎች አውሮፓ ውስጥ ባሉ ቤተ መዘክሮች ተበተኑ። የእሱ ዘመን ሰዎች የነበሩት ሁለቱ ፈረንሳውያን ሐኪሞች፣ ካርተን ዲዮንና ፔቲ፣ እንዲህ አልቀናቸውም። አንዱን ንዳድ ገደለው፤ ሁለተኛውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰና፣ አሺል ሪሻር የሚባል ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ ምሁር በላቲን ቋንቋ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አደረገው።

እንግዲህ የአገራችን ዕፅዋት ትዝታ ለመቶ ዓመት ያህል የኖረው እንዲህ ነው፤ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ በሰው መሳቢያ። የትኛው ቅጠል የትኛው እንደሆነ ማረጋገጥ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቪዛ ያስፈልገው ነበር። ያም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1943 በርሊን በቦምብ ስትደበደብ የከተማዋ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ተቃጠለ፤ ከነደደው ውስጥ የአፍሪካ ስብስብም ነበረበት።

ይህን የቀየረ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ፣ በስዊድን መንግሥት ገንዘብ፣ የአገሪቱን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለመመዝገብ ተነሡ። በእኛ በኩል ሥራውን መጀመሪያ የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ፤ ከዳር ያደረሱት ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው። በኡፕሳላ በኩል ኢንጋ ሄድበርግ። ቀኖቹን ልብ በሉልን፤ 1980 እ.ኤ.አ.! ቀይ ሽብር ገና ማለፉ ነው፤ ከዚያ ሰባ ሰባት ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ፣ የመንግሥት ለውጥ አለ። ሰዎቹ በዚህ ሁሉ መሃል ቅጠል ያደርቃሉ። ሲጀምሩ የመጽሐፉ ስም የኢትዮጵያ ዕፅዋት ነበር፤ ስምንተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያበቃ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሆኗል። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዘገቡ። ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው። እኛ የዚያን ዘመን ታሪክ የተማርነው በጦር ግንባርና በአዋጅ ነው፤ አራት ኪሎ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራ እንደነበር የነገረን አስተማሪ አልነበረም።

የጉለሌው ማዕከል ከዚህ ሥራ ማግስት የመጣ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲቋቋም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ እኚሁ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ነበሩ። በወረቀት የተለጠፈው ቅጠል በሕይወት ይታይ እንደማለት ነው። ችግኝ ጣቢያውን ስናይ፣ ስንት ዓመት ጠብቆ ዛፍ የሚሆን ዝግባ በጣት ቁመት ቆሞ ስናይ፣ ወሬያችን ሁሉ ቆመ። እኛ ኢንተርኔት ሁለት ደቂቃ ሲዘገይ የምናብድ ትውልድ ነን።

አሁን ወደ ተከሳሹ።

ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች እንላለን። ከተማ ስንል ግን ሰፈር ነው፤ ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ሠራዊቱ፣ ከብቱ። ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ እንጀራ ይጋግራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ቤት ያቆማል። በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ስንት ዓመት ይበቃል? ጥቂት ዓመታት ብቻ። እንጨት ለቃሚው በየዓመቱ ከከተማው እየራቀ ሄደ። የዘመኑ ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ብለው የሰየሙት ቦታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ስሙ ራሱ ሐሳባቸውን ይናገራል።

አልሄዱም። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ንጉሡን ካስቀሯቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ያስመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው፣ ጊዜውም ከዓድዋ ዘመቻ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ይላሉ። በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉ ቅባታም ስለሆነ ከብት አይበላውም፣ ስለዚህ እረኛም አጥርም አይፈልግም። ንጉሡ ችግኝ አከፋፈሉ፣ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት መሬት ላይ ግብር አነሱ። ሕዝቡ ከባሕር ማዶ የመጣውን ባሕር ዛፍ ብሎ ስም አወጣለት። ሌላ ሰው ስም እስኪያወጣ አልጠበቀም!

ውኃ ይመጣል የሚለው ክስም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ጉድጓዱንና ምንጩን አደረቀ ተብሎ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል፣ በምትኩ የሐር ትል ቅጠሉን የሚመገበው ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሰው ሰምቶ ዝም አለ። ማን በሐር ትል እንጀራ ይጋግራል?

እኛም ይህን እያነበብን ቆጠርን። ያደግንበት ጭቃ ቤት ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው አጣና ባሕር ዛፍ። የሠርጉ ዳስ ባሕር ዛፍ። የኮንዶሚኒየሙ ግንበኛ የቆመበት መወጣጫ ባሕር ዛፍ። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ቅጠሉን አፍልተው፣ በነጠላ አከናንበው ያጠኑን ባሕር ዛፍ። ርዕስ ያዘጋጀችው ጓደኛችን ዝም አለች። ዛፉ ተራራውን የሰረቀ አይደለም፤ እኛ የላጨነውን ተራራ የሸፈነ ነው።

ይህ ማለት ማዕከሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ባሕር ዛፍ የበዛበት ጫካ ሥር ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ጸጥታው ያስፈራል፣ ወፉ ጥቂት ነው፣ መሬቱ ባዶ ነው። ኮሶው ሥር ግን ሌላ ዓለም አለ። 705 ሄክታር ለኮሶና ለዝግባ መመለሱ ለእኛ አይበዛም፤ እንዲያውም ያንሳል። ግን የሚነቀለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አለ። እሱን ሳያነሳ ስለ አገር በቀል ዛፍ የሚያወራ ሰው፣ እኛ ጠዋት ዳገቱ ላይ እንዳወራነው ነው የሚያወራው።

ስንወርድ አንዲት እናት ሸክማቸውን አጥር ላይ አስደግፈው አርፈዋል። ውኃ ሰጠናቸው።

«እማማ፣ ከሩቅ ነው ያመጡት?»

«ከላይ ነዋ ልጄ። ሌሊት ነው የወጣሁ። እናንተስ ምን ልታዩ መጣችሁ?»

«ዛፍ» አልናቸው፤ አሁን እኛም እያፈርን።

ሳቁ። «ዛፍማ እኔም አይቼ መምጣቴ ነው።» ቀጥለው የትኛውን ዛፍ እንዳየን ጠየቁን። ኮሶ፣ ዝግባ፣ ወይራ አልን። «እሰይ! እናቴ ኮሶ ታጠጣን ነበር። ይብቀል እንጂ፣ ምን ከፋኝ።» ትንሽ ዝም ብለው ሸክማቸውን አዩት። «ግን እኔ ምን ተሸክሜ ልውረድ?»

መልስ አልነበረንም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ «በሉ አሸክሙኝ» አሉ። ሁለት ሆነን ልናነሳው ሞከርን፣ አቃተን። አራት ሆነን አነሳንላቸው። ገመዱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ «እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ» ብለው ቁልቁለቱን ተያያዙት፤ ከእኛ ይፈጥናሉ።

ታክሲ ውስጥ እጃችን ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የጠዋቱ ወያላ አልነበረም፤ ሌላ ልጅ ነው። አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «ጉንፋን ይዟችኋል እንዴ?» አለን።