ጎታ፣ እሑድ ቀን

ፍራንክፈርት የደረስኩት እሑድ ጠዋት ነው። የተላክሁበት ሥልጠና የሚጀምረው ማክሰኞ ስለሆነ ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ ብቻዬን ባቡር ተሳፈርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዤ ጎታ ወረድኩ። ተረጋግቼ እየዞርኩ ያየኋት የመጀመሪያዋ የጀርመን ከተማ እሷ ናት።

ለምን ጎታ? ለአማርኛ የፊደል ግድፈት የሚያርም ትንሽ ሶፍትዌር ስሠራ የድሮ መዝገበ ቃላት ማሳደድ ጀምሬ ነበር። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያልኩ 1698 ላይ ደረስኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት የኢዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ታተሙ። ሰውየው ግን የኢትዮጵያን መሬት ረግጦ አያውቅም። ታዲያ አማርኛውን ከየት አገኘው?

ከአባ ጎርጎርዮስ። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ካቶሊክ ስለነበሩ፣ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ አገር ለቀው ሮም ገብተዋል። ሉዶልፍ በ1649 እዚያ አገኛቸው። ዕድሜው 25 ነው፤ ግዕዝ ከመጽሐፍ እንጂ ከሰው አፍ አልተማረም። ይሄ ነገር ይገባኛል። መቻራ ቤታችን የሚወራው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን እኔም ግማሹን ያገኘሁት ከደብተር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚስቅ አይጠፋም ነበር።

በ1652 መስፍን ኤርነስት አባን ወደ ግዛቱ ጋበዛቸው። አባም ከሮም ተነስተው መጡ።

ከጣቢያው በመናፈሻው በኩል ሽቅብ ስወጣ ከተማዋ ጭር ብላለች። እሑድ ሱቅ እንደሚዘጋ ማንም አልነገረኝም፤ ውሃ እንኳ የምገዛበት አጣሁ። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ተንሰራፍቷል፣ ነጭ፣ እንደ ጦር ሰፈር ቀጥ ያለ። ግንባታው በ1643 ሲጀመር የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። ስሙ የሰላም ድንጋይ እንደማለት ነው። በዋናው በር ላይ ፍትሕና ሰላም በሁለት ሴቶች ተመስለው ሲሳሳሙ ተቀርጸዋል። የዳዊት ቃል ነው፤ ዳዊት የደገመ ቄስ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ያነበዋል።

ቁልቁል ወርጄ ዋናው አደባባይ ላይ አንድ ክፍት ካፌ አገኘሁ። ቡናው ቀጠነብኝ። እናቴ ከቡና ገለባ በወተት የምታፈላው ሆጃ ይሻላል። በነገራችን ላይ አባ ሲመጡ ጀርመን ውስጥ ቡና ቤት የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

እዚያው ተቀምጬ እናቴ ደወለች። "ብቻህን ነህ?" አለችኝ። ከእኔ በፊት አንድ ያገራችን ቄስ እዚህ መጥተው ነበር፣ ለጀርመኖቹ አማርኛ አስተማሩ፣ አልኳት።

"ከዚያስ? ተመለሱ?"

አልተመለሱም። በ1658 በመርከብ ሲጓዙ ኢስክንድሩን አቅራቢያ መርከቧ ተሰብራ ሰጠሙ። ቃላቸውን የያዘው መዝገብ የታተመው ከዚያ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ በኦሮምኛ ማስረዳት አቃተኝ፤ "ባሕር ላይ ሞቱ" ብቻ አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። "ቤተሰቦቻቸው ሰሙ?" አለችኝ።

ባቡሬ ሊደርስ 20 ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሒሳብ ከፍዬ፣ ስልኩን ሳልዘጋ፣ ዳገቱን ተያያዝኩት።