ከሪስ፣ ካሊስ፣ ፓራንግ፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ስለቶች ስያሜ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሌይደን ከሚገኘው የኔዘርላንድ ቤተ መዘክር አንድ የጃቫ ጩቤ ወጥቶ ለኢንዶኔዥያ መንግሥት ተመለሰ። ጩቤው የልዑል ዲፖኔጎሮ ነው ተባለ። ዲፖኔጎሮ ከ1825 እስከ 1830 ድረስ የኔዘርላንድን ቅኝ ገዥዎች ሲዋጋ ቆይቶ፣ በማጌላንግ ለንግግር በቀረበበት ጊዜ ተይዞ በግዞት የሞተ ሲሆን ኢንዶኔዥያውያን ከብሔራዊ ጀግኖቻቸው እንደ አንዱ ያከብሩታል። ርክክቡ ከተፈጸመ ብዙም ሳይቆይ በአገሩ የመሣሪያ ዐዋቂዎች መካከል የተመለሰው ትክክለኛው ነውን የሚል ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ዋነኛ መነሻ የአንድ ስም አተረጓጐም በመሆኑ፣ ነገሩ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞችንና ተርጓሚዎችን በቅርብ የሚመለከት ሆኖ አግኝተነዋል።

የመሣሪያው ስም ኪያይ ናጋ ሲሉማን ነው። «ኪያይ» ለተከበረ ሰውም ለተከበረ ዕቃም የሚሰጥ የማዕርግ ቃል ነው፤ «ናጋ» በአፈ ታሪክ የሚነገርለት ታላቅ እባብ፣ «ሲሉማን» ደግሞ ከዓይን የሚሰወር መንፈስ ማለት ነው። የልዑሉ የጦር አዛዥ የነበረው ሰንቶት፣ ዲፖኔጎሮ ይህን ከሪስ ለኮሎኔል ክሌረንስ መስጠቱን በጃቫኛ በተጻፈ ደብዳቤ መስክሯል። በዚያን ዘመን በኔዘርላንድ ይኖር የነበረው ጃቫዊው ሠዓሊ ራደን ሳሌህም መሣሪያውን አይቶ ስለ ስሙ ትርጉም ማብራሪያ ጽፏል። ለንጉሥ ቀዳማዊ ዊለም የተበረከተው ይኸው ከሪስ በ1831 በሄግ ወደ ነበረው የንጉሡ የብርቅ ዕቃዎች ማከማቻ ገባ፤ ማከማቻው በ1883 ሲፈርስ ወደ ሌይደን ተዛወረ። በዝውውሩ ዕቃውና ስለ ዕቃው የተጻፈው ወረቀት ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ከሪሱ ከብዙ ከሪሶች መካከል አንዱ ሆኖ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ሊለይ የቻለውም ከዓመታት ምርመራ በኋላ መዛግብቱ እንደገና ከብረቱ ጋር ተመሳክረው ነው።

ተጠራጣሪዎቹ ያነሡት ነጥብ እንዲህ ነው። የጃቫ ዐዋቂዎች የከሪስን ስለት ቅርጽ «ዳፑር» ይሉታል፤ እያንዳንዱም ዳፑር የራሱ ስም አለው። ናጋ ሲሉማን የተባለ ዳፑር አለ፤ በእርሱ ላይ የእባቡ ራስ ከስለቱ ግርጌ ብቅ ይላል፣ አካሉ ግን በብረቱ ውስጥ ይሰወራል። ናጋሳስራ የተባለ ሌላ ዳፑር ደግሞ አለ፤ በእርሱ ላይ የእባቡ አካል በስለቱ ርዝመት ተዘርግቶ ይታያል። የተመለሰው ከሪስ የኋለኛውን ስለሚመስል ናጋ ሲሉማን ሊባል አይገባውም ተባለ። በሌላው ወገን የተሰጠው መልስ፣ ኪያይ ናጋ ሲሉማን የዚያ የአንዱ ዕቃ የተጸውዖ ስም እንጂ የቅርጹ ስም አይደለም የሚል ነው።

እኛ ይህ መልስ የሚያስኬድ ነው እንላለን። በአገራችን የፈረስ ስም ልማድ ያደገ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ፈረሱ ዳማ ወይም አምባላይ ቢሆን ይህ የመልኩ ስም ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ፈረስ ዳኘው መባሉ ግን የዚያ ፈረስ የብቻው ስም ነው፣ ዳኝነቱንም በቆዳው ቀለም ላይ የሚፈልግ የለም። እርግጥ የተጸውዖ ስም ከመልክ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የጃቫ ዐዋቂዎች ጥርጣሬ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን ስሙ ብቻውን ብረቱን ውድቅ ለማድረግ አይበቃም። ተርጓሚም ሦስቱን ደረጃዎች፣ ይኸውም የወሉን ስም ከሪስን፣ የቅርጹን ስም ዳፑርን፣ የዕቃውን የተጸውዖ ስም ለይቶ ካልያዘ ክርክሩን ራሱን ወደ አማርኛ ማምጣት አይችልም።

እነዚህን መሣሪያዎች በቃላት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት የተጀመረው ከሌይደኑ ታሪክ ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። የማጄላን የጉዞ ባልደረባ የነበረው አንቶኒዮ ፒጋፌታ፣ ዛሬ ፊሊፒንስ ከምትባለው አገር ከሴቡ ደሴት በ1521 የሰበሰባቸውን ቃላት ከነትርጉማቸው ጽፎ አስቀርቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ካሊስና ካምፒላን የሚሉት የመሣሪያ ስሞች ይገኛሉ። ማጄላን በዚያው ዓመት በማክታን የሞተበትን ውጊያ በተረከበት ክፍል ግን ፒጋፌታ የአገሬውን ቃል አልተጠቀመም፤ እግሩን የመታውን መሣሪያ በራሱ ቋንቋ ሰይሞ፣ ከአንድ የምሥራቅ ጎራዴ ጋር አመሳስሎ፣ ከዚያ የሚተልቅ ነው ብሎ አለፈ። የኋላ ጸሐፊዎች ትረካውንና የቃላቱን ዝርዝር አጋጥመው ማጄላን በካምፒላን ተመታ ይላሉ። ካምፒላን ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ፣ አንድ አፍ ያለው ረጅም ሰይፍ ስለሆነ ግምቱ የሚቻል ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም።

ካሊስ ለተርጓሚ ከዚህ የበለጠ ችግር ያመጣል። በሱሉና በሚንዳናው ካሊስ የሚባለው መሣሪያ በመልኩ የጃቫን ከሪስ ይመስላል፤ በአውሮፓውያን ዝርዝሮችም ሁለቱ «ክሪስ» በሚል አንድ ስም ይመዘገባሉ። ነገር ግን የጃቫው ከሪስ የሚወጋ ጩቤ ሲሆን የሱሉው ካሊስ የሚቆርጥም ሰይፍ ነው፤ ርዝመቱም ክብደቱም ይበልጣል። በማላይኛ «ሱንዳንግ» የሚል የተለየ ስም ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የጃቫውንና የማላዩን ከሪስ፣ የሱሉውን ካሊስ ብሎ መለየት ይገባል እንላለን። ከሪስን «ጎራዴ» ብሎ መተርጎም ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ «ጩቤ» ማለት ለብያኔ ይረዳል፣ ስሙን ግን አይተካም።

ክሪስ ወይስ ከሪስ? በማላይኛና በጃቫኛ የመጀመሪያውን ፊደል የሚከተለው አናባቢ አጭርና መካከለኛ ድምፅ ስለሆነ ከአማርኛው የግዕዝ ድምፅ ጋር ይቀራረባል። «ክሪስ» የአውሮፓውያን አጻጻፍ ወደ እኛ ሲሻገር የመጣ ነው። እንግሊዞች በድሮ መጻሕፍት ከዚህም በብዙ የተለያየ መንገድ ጽፈውታል፤ ስለዚህ ድሮ የታተመ ዝርዝር የሚያነብ ሰው አንዱን ስም አራት ጊዜ ሊያገኘው ይችላል። በኔዘርላንድ አጻጻፍ የተመዘገቡ ስሞችም ወጥመድ አላቸው። ኢንዶኔዥያ በ1972 ፊደሏን እስክታሻሽል ድረስ «ቸ» በ«ት» እና በ«ይ» ጥምር ይጻፍ ስለነበር፣ የአቼን ጩቤ ከድሮ ጽሑፍ ፊደል በፊደል የገለበጠ «ሬንትዮንግ» ይለዋል፤ ስሙ ግን ሬንቾንግ ነው። በተጨማሪም ጃቫውያን አንዳንዱን «አ» ወደ «ኦ» ስለሚያዘነብሉት ናጋ «ኖጎ» ሆኖ ይሰማል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን መያዝ ነው።

ከሪስ በክፍሎቹ ስሞች የበለጸገ ነው፤ እኛም በጣም የደከምነው በዚህ ነው። ስለቱ በጃቫኛ «ዊላህ»፣ በማላይኛ «ቢላህ» ይባላል። የእኛን ቢላዋ የሚያስታውስ ይኖራል፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይደለምና እንለፈው። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ማላዮች የስለትን ክፍል «ዓይን» ማለታቸው ነው፤ እኛ «አፍ» የምንለውን። ስለዚህ የማላይኛውን አነጋገር ቃል በቃል ማምጣት አንባቢን ያደናግራል። የስለቱ ጥምዘት በጃቫኛ «ሉክ» ነው፤ አማርኛ ሉክን ለወረቀት ስለያዘው «ጥምዝ» ብለነዋል። ጥምዞቹ ምንጊዜም ጎዶሎ ቁጥር እንዲሆኑ ተደርገው ይቆጠራሉ፤ ቀጥ ያለ፣ ጥምዝ የሌለው ከሪስም ብዙ ነው። ከስለቱ ግርጌ ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠመው ብረት «ጋንጃ» ይባላል። ይህ ቃል በከተሞቻችን ምን እንደሚያሳስብ አንባቢ ያውቃል፤ በጃቫኛው አነጋገር «ጎንጆ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። እጀታና ሰገባ ግን የእኛው ይበቃሉ።

በተውሶ ሊያዝ የሚገባው «ፓሞር» ነው። ፓሞር በስለቱ ገጽ ላይ የሚታየው የብረት ሐረግ ሲሆን ስሙ መቀላቀልን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። አንጥረኛው፣ በማዕርግ ስሙ «ኤምፑ»፣ ተራ ብረትንና ኒኬል ያለበትን ብረት እያነባበረ፣ እያጠፈ ይቀጠቅጣል። ከዚያ ስለቱ በሎሚ ይታጠብና በአርሰኒክ ይቀባል፤ ብረቱ ሲጠቁር ኒኬሉ እንደ ብር ነጭ ሆኖ ይቀራል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ በፕራምባናን አካባቢ የተገኘው ከሰማይ የወደቀ ብረት ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ብዙ የአውሮፓ ጽሑፎች ይህን «የደማስቆ ብረት» ይሉታል። የደማስቆ የሚባለው ግን በመሠረቱ በማቅለጫ ሸክላ ውስጥ ከተዘጋጀ ብረት የሚወጣ፣ ሐረጉም ከብረቱ ከራሱ ባሕርይ የሚመነጭ ነው፤ የጃቫው የአንጥረኛው እጅ ያነባበረው ነው። ሁለት የተለያዩ ሙያዎችን በአንድ ስም መጥራት በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ሥር የሰደደ ስሕተት ነው። ለገበያ የሚሠሩ፣ ሐረጋቸው ገጹን በአሲድ በመብላት ብቻ የተቀረጸ ስለቶች መኖራቸው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ስለ ሰብሳቢዎች ከተነሣ፣ ቶማስ ስታምፎርድ ራፍልስ በ1817 ባሳተመው የጃቫ ታሪክ ውስጥ የከሪስ ዓይነቶችን በሥዕል አሳይቷል። ጆርጅ ካሜሮን ስቶን በ1934 ያወጣው የጦር መሣሪያ መዝገበ ቃላትም እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። የስቶን ሥራ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ስም የመስጠት ዝንባሌው የሕዝብን ቋንቋ ከሚገባው በላይ ያጠብቃል። የዚህን ጉዳት ከራሳችን እናውቀዋለን፤ «ሾተል» በውጭ ዝርዝሮች እንደ ማጭድ ለጎበጠው ሰይፍ ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ቃሉን በዚያ ጥብቀት አይይዘውም። ፓራንግም እንደዚሁ ነው። በማላይኛ ለጫካ መመንጠሪያም ለጠብም ለሚያገለግል ከባድ ስለት የሚሰጥ ሰፊ ስም እንጂ የአንድ ቅርጽ ስም አይደለም፤ ወደ እኛው ገጀራ ይቀርባል። «ጎሎክ»ም በምዕራብ ጃቫ የሚታወቅ የዚሁ ዓይነት ስለት ነው። በአንጻሩ የዳያኮች «ማንዳው» አንዱ ጎኑ እብጥ፣ ሌላው ጎኑ ሰርጎድ ያለ ሆኖ የሚሠራ ልዩ ስለት ስለሆነ ገጀራ ቢባል ይጠፋል።

አንድ ነገር ይቀራል። በገበያ የሚገኝ ከሪስ ስለቱ ከባሊ፣ እጀታው ከማዱራ፣ ሰገባው ከሱራካርታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሕዝቡም ዘንድ እጀታና ሰገባ መቀየር ነውር አይደለም፣ ዋናው ስለቱ ነውና። ስለዚህ በዝርዝር ላይ «የባሊ ከሪስ» ተብሎ የተጻፈውን ስንተረጉም «የባሊ» የሚለው የትኛውን ክፍል እንደሚገዛ መጠየቅ አለብን። እኛ ለስለቱ፣ ለእጀታውና ለሰገባው የየራሳቸውን አገር መጻፍን መርጠናል፤ የአንዱ ካልታወቀም ቦታው ባዶ ይተዋል።