ባራራ ነጥብ አይደለችም፦ የፍራ ማውሮን ካርታ በዲጂታል መሣሪያ ስለ መመርመር

፩. የነገሩ መነሻ

በቬኒስ አጠገብ በምትገኘው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ1460 ገደማ (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፈጸመው፣ ዛሬም በቬኒስ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት በሚጠበቀው፣ የጎኑ ስፋት ሁለት ሜትር ያህል በሆነው ክብ የዓለም ካርታ ላይ፣ ደቡብ ወደ ላይ ሰሜንም ወደ ታች ሆኖ፣ ዓባይና ተከዜ፣ መረብና አዋሽ፣ ግቤም ሳይቀር ከነስማቸው ተጽፈው ይታያሉ። ከእነዚህም መካከል ካርታ ሠሪው የንጉሡ ዋና መቀመጫ ያላት ባራራ የምትባል ከተማ በዝቋላና በመናገሻ መካከል ተሥላ የሊቃውንትን ዓይን ስትስብ ኖራለች።

ስለዚህ ካርታ የተጻፈው ብዙ ነው። በላዩ ያሉትን ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ጽሕፈቶች ፒዬሮ ፋልኬታ በ2006 አትሞ አውጥቷል፤ ስለ ነገሥታቱ ተዘዋዋሪ ከተሞች ሮናልድ ሆርቫት በ1969 ጽፏል፤ ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክረስትም በወጨጫና በየረር መካከል ያሉትን የጥንት ሰፈሮች ዞረው ያገኙትን በ2009 አሳትመዋል። ከእነዚህ ጋር ጠብ ስለሌለኝ ስማቸውን አመስግኜ ዐልፋለሁ። ጠቤ ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ይኸውም ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ሳይመረምሩ የተከተሉትን መንገድ ከጠረገው ከኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ ጋር ነው።

የጠቡም መነሻ አንድ ቸል የተባለ ምስክር ነው። ፍራ ማውሮ በካርታው ላይ ራሱ እንደ መሰከረው፣ የኢትዮጵያን ክፍል ያገኘው በዚያው አገር ከተወለዱ ካህናት ነው፤ እነርሱም አውራጃዎቹንና ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው ሥለው ሰጥተውታል። ይህን ምስክርነት ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ የሚሠራበት ግን አላገኘሁም። የካህናቱ እጅ ምን ዓይነት ሥዕል ሣለ? የቦታ ሥዕል ነውን ወይስ የመንገድ? ከዚህ በታች ያለው ሐተታ ሁሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

፪. ክሮፎርድ በዓይን ፈንታ በጆሮ እንደ ሠራ

ክሮፎርድ ተራ ሰው አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአውሮፕላን ላይ ምድርን ይቃኝ የነበረ፣ በ1920 በእንግሊዝ መንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው የአርኪዮሎጂ ሹም የሆነ፣ በ1927 አንቲኩዊቲ የተባለውን መጽሔት የመሠረተ፣ በ1928ም ከአሌግዛንደር ኪለር ጋር ሆኖ ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች የጥንት እንግሊዝን ሰፈሮች ለዓለም ያሳየ ሊቅ ነው። በእርሻ ላይ የበቀለው እህል በአንድ ስፍራ ቢጠቁር በሌላው ቢገረጣ፣ ይህ ልዩነት ከሥሩ የተቀበረውን ቦይ ወይም ግንብ እንደሚያጋልጥ ካስተማሩት መምህራን ቀዳሚው እርሱ ነበር።

ይህ ዓይነ ብሩህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ነገር ሲመጣ ግን ዓይኑን አኑሮ በጆሮው ሠራ። በ1957 ካረፈ በኋላ፣ በ1958 በሃክሉት ማኅበር በታተመው መጽሐፉ፣ ከ1400 እስከ 1524 ገደማ የተመዘገቡትን የኢትዮጵያ ጉዞዎች፣ በተለይም ቬኒሳዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከኢትዮጵያ መነኮሳት አፍ እየሰማ የጻፋቸውን፣ ሰብስቦ አቀረበልን፤ ስለዚህ ድካሙ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሐተታው በአመዛኙ የሚጓዘው በአሮጌው ጽሑፍ ያለውን ስም አንሥቶ፣ በዘመናዊ ካርታ ላይ ድምፁ የሚመስለውን ስም ፈልጎ፣ ሁለቱን በማጋባት ነው፤ የጋብቻውም ፍሬ ሁልጊዜ ነጥብ ነው።

በዚህ አካሄድ ላይ ሦስት ነቀፋ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ድምፅ ነው። ስሞቹ ከካህናቱ አንደበት ወደ ቬኒስ ጆሮ፣ ከዚያም ጠ፣ ቀና ጸ ወደሌሉበት ፊደል ሲሻገሩ፣ ዓባይ «አባቪ»፣ አዋሽ «አውአሲ»፣ ተከዜም «ታጋስ» ሆነዋል። እነዚህን ታላላቅ ወንዞች ያወቅናቸው ድምፃቸው ስለመሰለ ብቻ ሳይሆን አቀማመጣቸው ስለመሰከረላቸው ነው። ተከዜ ታጋስ ከሆነ ዘንድ፣ አንድን የመንደር ስም በድምፅ ብቻ ከሌላ መንደር ጋር ማጋባት ለሙግት እንጂ ለማስረጃ አይበቃም።

ሁለተኛው ስለ መጠን ነው። ወንድም ቶማስ፣ ወንድም አንቶኒዮና ወንድም ራፋኤል ተብለው የተመዘገቡት የዞርዚ መነኮሳት መንገዳቸውን የተናገሩት ማደሪያን ከማደሪያ እያስከተሉና መዓልት እየቈጠሩ ነው። የምስክሩ የመጨረሻ ትንሽ ስፍር ቀን ከሆነ፣ ከቀን ያነሰ ነገር ከእርሱ መጠየቅ በእንቅብ የተሰፈረን ጤፍ በፍሬ ቍጥር ንገረኝ ብሎ እንደ መሟገት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ስለ ነጥብ ራሱ ነው፤ ነጥብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ አይደለም» ብሎ ይናገራል። ምስክሩ ያላለውን ካርታው ሲል፣ ስሕተቱ የምስክሩ ሳይሆን የካርታ ሠሪው ነው።

፫. ካርታውን የመወጠር ፈተና

የክሮፎርድ ስሕተት በወረቀትና በቀለም ዘመን የተሠራ ስለሆነ በዲጂታል መሣሪያ ይታረማል የሚሉ አሉ። መሣሪያው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ ሊያስጌጠው እንደሚችል ግን በገዛ እጄ አይቻለሁ።

የአሮጌውን ካርታ ቅጂ ኪው ጂ.አይ.ኤስ. በተባለው ሶፍትዌር ከፍቼ፣ ደቡብን ወደ ታች ከገለበጥሁ በኋላ፣ ዝቋላን በዛሬው ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ማለት በ8.5 ዲግሪ ሰሜንና በ38.9 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ ቸነከርሁት። ከአዋሽና ከተከዜ አንዳንድ ነጥብ ጨምሬ ቸንካሮቹ ሦስት ሲሆኑ፣ ቀና መስመርን ሳያጣምም ካርታውን የሚወጥረው ቀላሉ የአፊን ስሌት ያለ አንዳች ማጉረምረም ተቀበለኝ፤ የስሕተቱም መጠን ዜሮ ሆኖ ተጻፈ። አራተኛውን ከመረብ ላይ ብጨምር ግን ዝቋላ ከስፍራው ሸሸ፤ እርሱን ልመልስ ስል አዋሽ ሸሸ። የስሌቱን ዓይነት ለውጬ ቲን ፕሌት ስፕላይን የተባለውን ብመርጥ፣ ቸንካሮቹ ሁሉ በየስፍራቸው ረጉ፤ ስሕተቱም እንደገና ዜሮ ሆነ። ቀና የነበሩት የመመዘኛ መስመሮች ግን እንደ ተጨመቀ ነጠላ ተሸብሽበው ነበር።

በዚህ የተደነቀ የመሣሪያውን ጠባይ አያውቅም። ሦስት ቸንካር ለአፊን ስሌት ዜሮ ስሕተት የሚሰጠው ስሌቱ ከሦስት ነጥብ በላይ የሚፈተንበት ነገር ስለሌለው ነው፤ ስፕላይን ዜሮ የሚሰጠው ደግሞ በተቸነከረው ነጥብ ሁሉ ላይ እንዲያልፍ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ላይ የተጻፈው ዜሮ የእውነት ምስክር ሳይሆን የስሌቱ ጠባይ ነው። በዚያ ሽብሽብ ላይ ባራራን አይቶ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚያነብላት ሰው፣ የክሮፎርድን ነጥብ በአራት የአሥርዮሽ አኃዝ ደግሞ ጻፈ እንጂ ከክሮፎርድ አልራቀም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ፍራ ማውሮ ከካህናቱ የተቀበለውን የኢትዮጵያ ዕውቀት፣ ስለ ሌላው የአፍሪካ ምድር የሚያውቀው ጥቂት ስለነበር፣ በአህጉሩ ሰፊ ክፍል ላይ ዘርግቶታል። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ርቀት ይጠፋል፤ ቅደም ተከተል ግን ይተርፋል። የትኛውን ወንዝ ከየትኛው በፊት እንደሚሻገሩ፣ የትኛው ተራራ በስተቀኝ እንደሚቀር፣ ከሸዋ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም በእግሩ የሄደ መነኩሴ አይስተውም። ያ እጅ የሣለው መንገድን እንጂ የምድርን ገጽ አልነበረም።

፬. በመዓልት መመዘን

እንግዲህ መሣሪያውን ከምስክሩ ጠባይ ጋር ማስማማት ይገባል። እኔ የምከተለው መንገድ ካርታውን ከመወጠር ይልቅ ወደ መረብ መለወጥ ነው፤ ይኸውም ማደሪያው አንጓ፣ በሁለት ማደሪያ መካከል ያለው መንገድ መስመር፣ የመስመሩም ክብደት የቀን ቍጥር ይሆናል። ይህ መረብ የሚነጠፍበት ምድር ደግሞ ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር በየካቲት 2000 በ11 ቀን በራዳር የለካችው የመሬት ከፍታ መረጃ ነው፤ ይህም በ30 ሜትር ገደማ ልዩነት የአገሩን ዳገትና ቍልቍለት ይናገራል።

ከፍታውን ወደ ጊዜ ለመለወጥ ዋልዶ ቶብለር በ1993 ያቀረበውን ቀመር ወስጃለሁ። በዚህ ቀመር እግረኛ በደልዳላ ምድር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመቶ አምስት በሆነ ቍልቍለት 6 ኪሎ ሜትር፣ በመቶ ሃያ በሆነ ዳገት ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። በአየር መስመር እኩል የሚርቁ ሁለት ስፍራዎች በእግር እኩል እንደማይርቁ ለደጋ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ለካርታ ግን መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባራራ እንመለስ። የባራራ ቦታ ለመሆን የሚወዳደሩት ስፍራዎች ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ የወጨጫና የመናገሻ ወገን፣ የእንጦጦ ራስና የየረር ግርጌ። ከወጨጫ እስከ የረር በአየር መስመር ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሲራራ ነጋዴ ከነጭነቱ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብንል፣ በወጨጫና በየረር መካከል ያለችውን አቃቂን ማዕከል አድርገን የአንድ ቀን መንገድ ክበብ ብናሠምር የረርም፣ እንጦጦም፣ የወጨጫም ተዳፋት በውስጡ ይገባሉ። በሌላ በኩል አሥር ማደሪያ ያለፈ መንገደኛ የየመንገዱን ርዝመት ወደ ሙሉ ቀን ማጠጋጋቱ ብቻ በመጨረሻው ድምር ላይ የአንድ ቀን ያህል ስሕተት ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ይህን ያህል ዓመት የተከራከሩበት ልዩነት ምስክሮቹ ከሚሰፍሩበት ስፍር በታች ያለ ነው። መነኮሳቱ ተነሥተው ቢጠየቁ፣ ሦስቱም ወገን «እውነት ነው» የሚል መልስ ባገኙ ነበር።

፭. ስለ ተቃውሞዎች

የቶብለር ቀመር ለባዶ እጅ እግረኛ እንጂ ለተጫነ በቅሎ አልተሠራም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀኑ ቢያጥር ክበቡ ይጠባል እንጂ ነጥብ አይሆንም። ዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲጽፍ ባራራን እንደ ታወቀ ስፍራ ይጠራታል፤ ስለዚህ የቆመች ከተማ ነበረች የሚሉም አሉ። ከተማ የሚለው ቃል በቀድሞው አማርኛ የንጉሥ ሰፈር ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በዚህ አይቸገርም፤ ሰፈርም ይታወቃል፤ ሰፈርም ይቃጠላል። በእንጦጦ ላይ የተገኘው ባለ 12 ግንቡ የድንጋይ ቅጥር ነገሩን ቈርጦታል ለሚሉት ደግሞ፣ ድንጋይ ዕድሜውን ይናገር ይሆናል እንጂ ስሙን አይናገርም ማለት ይበቃል።

ይህን ስል የመጨረሻውን ቃል ተናገርሁ አልልም፤ ቍፋሮ ሲቀጥል የሚመጣውን ማን ያውቃል። ሆኖም ከምድር በታች ያለው ሁሉ ቢወጣ እንኳ የጽሑፉ ምስክርነት ከመዓልት አይጠብም።

፮. መደምደሚያ፦ አንድም

የዲጂታል ካርታ ጥቅም ከወረቀት ይልቅ ነጥብን አጥብቆ መቸንከሩ አይመስለኝም። ወረቀት አንድ ጊዜ ከታተመ አንድ ነገር ብቻ ይላል፤ በዲጂታል ካርታ ግን ንብርብሩን አንዱን በሌላው ላይ ማኖር፣ የሚጠረጠረውን ማደብዘዝ፣ የሚታመነውን ማጥቈር፣ ሲያስፈልግም አንዱን ሰውሮ ሌላውን መግለጥ ይቻላል። ይህ ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ለአንዲት ንባብ ትርጓሜ ሲያወርድ፣ የመጀመሪያውን ተናግሮ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ ኋለኛው ፊተኛውን አይሽረውም፤ ንባቡም አይቈረጥም።

ባራራም በካርታችን ላይ እንዲሁ ትጻፍ ዘንድ እጠይቃለሁ፦ አንድም በመናገሻ ወገን፣ አንድም በእንጦጦ፣ አንድም በየረር፣ ሁሉም በአንድ የደበዘዘ ክበብ ውስጥ። ተማሪ ባራራ የት እንደነበረች ቢጠይቅ መልሱ «ከአቃቂ የአንድ ቀን መንገድ ነው» ይሁን፤ ካህናቱ ለፍራ ማውሮ ሲሥሉለት የሰጡትም መልስ ከዚህ እጅግ የራቀ አይመስለኝም።