«መጥረግ» እና «ማጨድ»፦ የጁዶ የእግር ስልቶች ስያሜ ታሪክና ለመምህራን ያለው ትምህርት

እንደሚታወቀው፣ ትርጉሙ ያልተገለጸለት ተማሪ ከባዕድ ስያሜ የሚይዘው ድምፁን ብቻ ነው። ይህ ችግር በሳይንስ ትምህርት ብቻ ሳይወሰን በሰውነት ማጎልመሻም ያጋጥማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጁዶን የእግር ስልቶች ስያሜ በምሳሌነት በመውሰድ የመፍትሔውን አቅጣጫ ማመልከት ነው።

የሰሜን ሸዋ ሰው ከጃፓን ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ጃፓንን ጎብኝተዋል፤ ስለ ጉዞውም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያን ጊዜ ጁዶ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ (እ.ኤ.አ. 1860–1938) በሙያቸው መምህር ነበሩ። በ1882 እ.ኤ.አ. ኮዶካን የተባለውን ማሠልጠኛ በቶክዮ አቋቋሙ፤ የቶክዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት መርተዋል። የመጣል ስልቶቹ በ1895 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍል ተደለደሉ፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ሲሻሻሉም በየክፍሉ ስምንት፣ በጠቅላላው 40 ሆኑ። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው «ደአሺ ባራይ» በተባለው የእግር ስልት ነው።

ስያሜዎቹ የተወሰዱት ከዕለት ተዕለት ሥራ ነው። «ደአሺ» ወደ ፊት የሚወጣ እግር፣ «ባራይ» መጥረግ ማለት ነው። «ኦሶቶ ጋሪ» ደግሞ «ትልቁ የውጭ ማጨድ» ማለት ነው። ትርጉሙ ያልተነገረው ተማሪ ይህን ሲሰማ የፈረስ ጋሪ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን «ጋሪ» ማጨድ መሆኑ ከተነገረው፣ የመንዝና የግሼ ልጅ ገብስ አጫጁን ያስታውሳል፤ አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ጨብጦ በቀኝ እጁ በማጭድ ከሥሩ ይቆርጣል። በኦሶቶ ጋሪም እጆች የተጋጣሚውን ደረት ይዘው ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ፣ እግር ክብደት ያረፈበትን እግር ከኋላ ያጭዳል።

በአንጻሩ የሚጠረገው ሥር የሌለው ነገር ነው፤ በአውድማ ላይ የተበተነ ገለባ ይጠረጋል እንጂ አይታጨድም። በደአሺ ባራይም የተጋጣሚው እግር መሬት ሊረግጥ ሲል፣ ክብደቱ ገና ሳያርፍበት በውስጥ እግር ይጠረጋል። ክብደቱ ካረፈ በኋላ የሚሞክር ተማሪ የሚያገኘው የጓደኛውን ቁርጭምጭሚት መምታት ነው። እንግዲህ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ማወቅ የስልቱን ጊዜ ማወቅ ነው፤ ከጉዳትም ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ «ኡኬሚ»፣ ማለትም ሳይጎዱ የመውደቅ ጥበብ፣ ይሰጣል።

ታዲያ ስያሜዎቹን በአማርኛ ብቻ እንተካቸውን? በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ጁዶ በቶክዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲቀርብ፣ በክብደት ያልተወሰነውን ውድድር ያሸነፈው ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ነበር። ባለቤቶቹን ያሸነፈው የውጭ አገር ሰው እንኳ የተዳኘው በጃፓንኛ ቃላት ነው። ስለዚህ ተማሪያችን ከዓለም ጋር እንዲግባባ ስሙ ይጠበቅ፤ ስሙ ከመነገሩ በፊት ግን ትርጉሙ ተማሪው በእጁ ከሚያውቀው ሥራ ይቅረብለት። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ይህን ቅደም ተከተል በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ቢያሰፍሩት፣ ጥቅሙ ከጁዶ አልፎ ለሌሎች ትምህርቶችም ይተርፋል።