በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት አጠባበቅ፦ ከየኔታ አለንጋ እስከ ሕገ መንግሥቱ ክልከላ

መግቢያ

በማንኛውም ትምህርት ቤት ማስተማርና መማር የሚቻለው የተማሪው ጠባይና የመምህሩ ሥልጣን በታወቀ ሥርዓት ሲመሩ ነው። ሆኖም ሥርዓትና ቅጣት አንድ ነገር አይደሉም። ሥርዓት ተማሪው ምን እንደሚጠበቅበት አውቆ የሚኖርበት ደንብ ሲሆን፣ ቅጣት ግን ደንቡ ሲጣስ የሚከተል እርምጃ ነው። በአገራችን የትምህርት ታሪክ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ታይተዋል። «ሥርዓት ያለው ክፍል» ሲባል ተማሪዎቹ አለንጋ የሚፈሩበት ክፍል ማለት የሆነበት ዘመን ረጅም ነው። አለንጋ በሕገ መንግሥት ከተከለከለ ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ከክፍል ፈጽሞ አለመውጣቱን መምህራን ራሳቸው ያውቁታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን ከታሪኩ ውስጥ መፈለግ ነው።

የየኔታ ትምህርት ቤትና ሥርዓቱ

ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የክርስቲያን ልጆች የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በየኔታ ደጃፍ ነበር። ትምህርቱ በፊደል ቆጠራ ተጀምሮ በአቡጊዳና በመልእክተ ዮሐንስ በኩል አልፎ ዳዊት በመድገም ይፈጸማል። በሐረር፣ በወሎና ሙስሊሞች በሚኖሩባቸው በሌሎችም አካባቢዎች ልጆች በሉሕ ላይ እየጻፉ ቁርዓን ይቀሩ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ከልጁ የሚጠበቀው ጠባይ ተቀራራቢ ነው፤ መምህርን ማክበር፣ ከጓደኛ ጋር አለመጣላት፣ የተቀበሉትን ትምህርት ሳያሳስቱ ማሰማት፣ መምህሩንም በሥራ ማገልገል።

ቅጣቱ ከባድ ነበር። ቀለም የጠፋበት ልጅ በአርጩሜ ወይም በአለንጋ ይመታል፤ ይቆነጠጣል፤ በኩርኩም ይባላል። ከትምህርት የሚኮበልል ልጅ በእግር ብረት የሚታሰርበት ጊዜም ነበር። ወላጆችም ይህን ከመቃወም ይልቅ የመምህሩ ትጋት ምልክት አድርገው ያዩት ነበር። «ያልተቀጣ ልጅ ቢቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የዚህ አስተሳሰብ መግለጫ ነው።

ይሁንና የየኔታ ትምህርት ቤት በአለንጋ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከአለንጋው ጋር አብረው የሚሠሩ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በየተራው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የዕለት ቀለሙን ይቀበላል፤ ያለፈውንም ያሰማል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም፤ ዘገምተኛውም ከፈጣኑ ጋር እንዲሮጥ አይገደድም። ሁለተኛ፣ በትምህርት የገፋው ልጅ አዲስ ገቢውን ፊደል ያስቆጥራል፤ ስለዚህ ልጁ ከየኔታ ዓይን ቢርቅም ከአስጠኚው ዓይን አይርቅም። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት የሚጠበቀው ጠባይ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ከሚጠበቀው ጋር አንድ ነበር። ልጁ የሚመታበት ምክንያት ትክክል ባይሆን እንኳ ከእርሱ ምን እንደሚፈለግ የሚጠራጠርበት ጊዜ አልነበረም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መከፈት

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን አስተማሪነት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከተሉ። ከጠላት ወረራ በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲቋቋሙ ይኸው አሠራር ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ተስፋፋ።

አዲሱ ትምህርት ቤት ይዟቸው የመጡት የሥርዓት መሣሪያዎች ከቀድሞዎቹ የተለዩ ናቸው። ደወል፣ የጠዋት ሰልፍና የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ፣ የስም መጥሪያ መዝገብ፣ የክፍል አለቃ፣ የወላጅ መጥሪያ ደብዳቤ የተለመዱት ያን ጊዜ ነው። መልካም ጠባይም «ግብረ ገብ» በሚል ስም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን ልጆች በክፍል ተመድበው አንዱን ትምህርት በአንድ ጊዜ እንዲማሩ መደረጉ ነው። በየተራ መቅረብ ቀረ፤ ትልቁ ታናሹን ማስጠናቱም ቀረ። ከየኔታ ቤት ወደ አዲሱ ክፍል ሳይለወጥ የተሸጋገረው አለንጋው ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት የቀድሞውን ቅጣት ወረሰ፤ ቅጣቱን በመጠኑ ያለዝበው የነበረውን ቅርበት ግን አልወረሰም። የኋለኛው ዘመን ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ልማድ ያጸና ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 ልጁን፣ በአሳዳሪነት የሚጠብቀውን፣ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ በመምታት የቀጣ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ብሎ ነበር። ተማሪና አገልጋይ በአንድ መስመር መጠቀሳቸው ሕፃኑ በዚያ ዘመን ይታይበት የነበረውን ዓይን ያሳያል።

ከአብዮቱ በኋላ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የትምህርት ቤት አስተዳደር ለኮሚቴ ተሰጠ፤ በኮሚቴው ውስጥም ከወላጆችና ከመምህራን ጋር ተማሪዎች ድምፅ አገኙ። በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ የተለመደው ሂስና ግለ ሂስ በትምህርት ቤትም ይሠራበት ጀመር። የመምህሩ ፍጹም ሥልጣን በመጠየቁ በአንድ በኩል የሚደገፍ ነበር። በሌላ በኩል ግን በቀይ ሽብር ዘመን ብዙ ተማሪዎችና መምህራን በመታሰራቸውና በመገደላቸው መተማመን ጠፋ። መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪውም መምህሩን በጥርጣሬ በሚመለከትበት ክፍል ውስጥ ደንብን ተወያይቶ ማውጣት አይቻልም። አለንጋውም በቦታው ቆየ።

ክልከላውና የተማሪው ብዛት

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ተቀበለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ አካላቸውን ከሚነካ ወይም ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። ስለዚህ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ለመምህሩ ትቶለት የነበረው ፈቃድ ከበላዩ ባለ ሕግ ተሻረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል ሲቀጣ፣ ለተገቢ አስተዳደግ ተብሎ ከሕግ ሳይወጡ የሚወሰድን የእርማት እርምጃ ግን ከወንጀል ለየ። በቤት ውስጥ የሚደረገው ቅጣት በዚህ ምክንያት አከራካሪ ቢሆንም ስለ ትምህርት ቤት ግን ሕገ መንግሥቱ ጥርጥር አላስቀረም።

ይሁን እንጂ ክልከላውና የተማሪው ብዛት በአንድ ዘመን መጡ። በ1987 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በ2001 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህ ታላቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ እንዲያስተምሩ፣ መምህራንም የሁሉንም ልጅ ስም ለይተው በማያውቁባቸው ክፍሎች እንዲገቡ አድርጓል። አለንጋውን እንዲጥል የታዘዘው መምህር ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ የበዙ ልጆች ፊት የቆመው መምህር ነበር። በምትኩ ምን እንደሚይዝ ግን የነገረው ጥቂት ነው።

በባዶው ቦታ የገቡት እርምጃዎች የታወቁ ናቸው፤ ማንበርከክ፣ ሜዳ ማስሮጥ፣ ሽንት ቤት ማስጠረግ፣ ወላጅ እስኪመጣ ከክፍል ማስወጣት። እነዚህ አለንጋ ባይሆኑም የተወሰኑት አካልን ያሠቃያሉ፤ የተወሰኑት ልጁን ያዋርዳሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ የሚቀጣው ትምህርቱን ራሱን በማስቀረት ነው። ወላጁ ለቀን ሥራ የወጣ ልጅ ለብዙ ቀናት ከትምህርት ውጭ ሊቀር ይችላል።

የክፍል አለቃው ሁኔታም ሊታሰብበት ይገባል። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም በወረቀት ይመዘግባል፤ መምህሩም ሲመለስ በዝርዝሩ መሠረት ይቀጣል። የጥንቱ አንጋፋ ተማሪ ያስጠና ነበር፤ የዘመናዊው የክፍል አለቃ ግን ስም ይጽፋል። በ2000ዎቹ ዓመታት የተስፋፋው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ጎበዙ ደካማውን እንዲረዳ የታሰበ ስለ ነበር በሐሳቡ ወደ ጥንቱ ልማድ የቀረበ ነው። በብዙ ቦታ ግን ከማስጠናት ይልቅ ወደ ቁጥጥርና ወደ ሪፖርት አዘንብሏል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሊወሰድ የሚገባው ዋና ትምህርት አለንጋን ማስቀረት የሥራው ግማሽ መሆኑ ነው። ሌላው ግማሽ አለንጋው በነበረበት ዘመን አብሮት የነበረውን ቅርበት በአዲስ መልክ መመለስ ነው። ለዚህም የሚከተሉት ከመምህራንና ከዕቅድ አውጪዎች አቅም በላይ አይደሉም።

1ኛ/ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሳምንታት እያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ደንቦችን ከተማሪዎቹ ጋር ተወያይቶ እንዲያወጣና እንዲለማመዳቸው ማድረግ። ደንቡ «አትረብሹ» ከሚል ይልቅ «ለመናገር እጅ ማውጣት» ቢል ለሰባት ዓመት ልጅ ይገባዋል።

2ኛ/ የክፍል አለቃነትን ስም ከመመዝገብ ወደ ማስጠናት መመለስ።

3ኛ/ እርምጃው ከጥፋቱ ጋር እንዲገናኝ ማድረግ፤ ያቆሸሸ ያጽዳ፣ የበደለ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያልሠራ ይሥራ። በማናቸውም ምክንያት ግን ልጅ ከትምህርት ገበታው አይነሣ።

4ኛ/ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የክፍል አያያዝ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ብዙ ተማሪ ባለበት እውነተኛ ክፍል ውስጥ እንዲሠለጠን ማድረግ።

በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ አንደኛ ደረጃ መመለሱ መልካም ነው። ነገር ግን ስለ መከባበር በመጽሐፍ የተማረ ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከተንበረከከ፣ የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ትምህርት ነው።