የሽመል ሽመና

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በ2007 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ በአሶሳ ተከብሯል። በዓሉ በየዓመቱ እያንዳንዱን ሕዝብ በልብሱ ስለሚያስተዋውቅ፣ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ቅርስ ሲነሣ ዓይን ወደ ጥለት ይሄዳል። ተናጋሪያቸው የሳሳ ቋንቋዎችን በጨርቅ ጥበብ ሊዘክር የሚነሣ ሠዓሊም የትኛው ቀለም የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። በዚህ አገር ቋንቋንና ለዱሩ ያለውን ክብር አንድ ላይ አሳስሮ ያኖረው ሽመና ከጥጥ ይልቅ የሽመል፣ ማለትም የቆላ ቀርከሃ፣ ነው።

ጥጥ በቆላው አልነበረም አልልም፤ በአባይ ሸለቆ ይበቅላል፣ ይፈተላልም። ጨርቁ ግን በአብዛኛው የድንበር ገበያ ንብረት ነበር። ከስናር በኩል ደሙር የሚባለው ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ይመጣል፤ በሱዳን ደሙር ከልብስነቱ በላይ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ከደጋው ደግሞ ሸማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወርቅ ፍለጋ በሱዳን በኩል ወዳለችው ፋዞግሊ ሲዘልቅ፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማም የምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ሲደርስ፣ አገሩ የሁለት ገበያ መገናኛ ነበር። ስለዚህ ልብስ የሚናገረው ሰውየው ለየትኛው ገበያ እንደሚቀርብ ነው። ማንነቱን የሚናገረው ገላው ነበር፦ በበርታ ጉንጭ ላይ ያሉት ሦስት ቁም ጭረቶች፣ በጉሙዝ ሴቶች ገላ ላይ ያለው የጠባሳ ጌጥ፣ ዶቃው።

ሽመል ግን ከውጭ አልመጣም። እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት አይደለም፤ ጠንካራ ነው። ተሰንጥቆ እንደ ድርና ማግ ሲሳለፍ የቤት ግድግዳ፣ ጎተራ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ይወጣዋል። ለእኔ የአካባቢው ትልቁ ጨርቅ ያ ግድግዳ ነው። ቡቃያው በክረምት ይበላል። ደግሞ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ጫካው በአንድነት አብቦ በአንድነት ይሞታል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው የበሰለውን ይቆርጣል፣ ለጋውን ይተዋል። ክልሉን ለዓመታት ያጠናው የስፔን አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል በማኦዎች ዘንድ የመንፈስ ሥርዓት የሚፈጸምባቸውን ከሽመልና ከሣር የተሠሩ ጎጆዎች መዝግቧል። ማደሪያ፣ ምግብና ጸሎት ከአንድ ተክል ሲወጡ፣ የተክሉ ስሞች የቋንቋው ልብ ውስጥ መቀመጣቸው አያስገርምም።

ባህል ሁልጊዜ አዲስ ይፈጠራል፣ የዛሬው የበዓል ቀሚስም ነገ ቅርስ ይሆናል የሚል መልስ ይነሣብኛል። ልክ ነው፤ ጥለቱን የሚነቅፍ ሰው የደጋውን ጥበብም ሊነቅፍ ነው። እኔ የምለየው ሥራው በየትኛው ቋንቋ እንደሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተሸምኖ የሚመጣ ቀሚስ ለለባሹ ኩራት ይሰጣል፤ ለቋንቋው ግን አንድም ግስ አያተርፍለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቋንቋ የሚድነው በትምህርት ቤት ነው፣ ቅርጫት ማንን አዳነ? በርታ፣ ጉሙዝና ሺናሻ ወደ መማሪያ ክፍል መግባታቸው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጽሑፍ ብቻውን ምን እንደሚያተርፍ የጠፋው የጋፋት ቋንቋ ያስተምራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ። የቋንቋ ሊቁ ወልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈልግ ቋንቋውን የሚናገሩ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። መጽሐፉ ስለ ወይኑና ስለ ሽቱው ይነግረናል፤ የአባይ ዳር ሰው ግድግዳውን ሲያቆም ምን ይል እንደነበር ግን አይነግረንም።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሰፈራ ምክንያት በአሶሳና በፓዌ ዙሪያ ብዙ ዱር ተመንጥሯል። ስለዚህ ጥበቡን የሚሠራ ሰው ክር ከመግዛቱ በፊት ከሽመል ሠሪው ጋር ይቀመጥ፤ ለጋው፣ የበሰለው፣ የተሰነጠቀው፣ ከላይ የሚያልፈውና ከሥር የሚገባው ስንጣሪ በሠሪው ቋንቋ ምን ምን እንደሚባሉ ይጠይቅ፣ እያንዳንዱንም ስም ሠሪው በሚያሰማው ድምፅ ይመዝግብ።