የሽንት ቤት ፍላሽ ሲያፈስ ችግሩን በቤት መለየትና መጠገን

ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል ከመጸዳጃ ቤት የሚሰማው ቀጭን የውሃ ድምፅ በብዙ ቤቶች እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል። በጋምቤላ ከተማ ግን ድምፁ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው ውሃ በመጣ ቀን በሮቶ የተጠራቀመውን መጨረሱ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የሚያፈሰው ውሃ በሙሉ የሚገባው ወደ ግቢው የፍሳሽ ጉድጓድ በመሆኑ፣ ጉድጓዱ ከጊዜው ቀድሞ ይሞላል። በክረምት መሬቱ ራሱ ውሃ ስለሚጠግብ ችግሩ ይብሳል።

መጠኑን ማስላት አያስቸግርም። አንድ ሊትር በ5 ደቂቃ የሚያፈስ ፍላሽ በቀን 288 ሊትር ያባክናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ14 በላይ ይሞላል። ለዓይን የማይታይ ፍሳሽ እንኳ ቀላል አይደለም። የሳጥኑ ወለል 40 በ15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ውሃው በግማሽ ሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቀንስ በቀን ወደ 29 ሊትር ይጠጋል።

ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ቫልቮች አሉ። አንዱ ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ወደ መቀመጫው ያወርዳል። የትኛው እንደተበላሸ ሳያውቁ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ሳጥኑ እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ከዚያም ከግድግዳው የሚመጣውን ውሃ በመዝጊያው ይዝጉ፣ የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ያመልክቱና ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ውሃው ከምልክቱ ከወረደ የሚያፈሰው የማውረጃው ቫልቭ ነው። ካልወረደ መዝጊያውን መልሰው ይክፈቱ። ውሃው ከፍ ብሎ መሐል ላይ ወደቆመው የትርፍ ውሃ ቱቦ የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የማስገቢያው ነው። ጥርጣሬ ከቀረ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምሩ፤ ሳይለቁት መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ማረጋገጫ ነው። ሻይም ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ በክረምት ቡናማውን ቀለም ከደፈረሰ ውሃ መለየት ያስቸግራል።

የጋምቤላ ከተማ የቧንቧ ውሃ መነሻው ባሮ ወንዝ ነው። ባሮ በክረምት ደለል ተሸክሞ ይደፈርሳል። ውሃው ተጣርቶ ቢሰራጭም፣ ተቋርጦ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የተቀመጠው ደለልና ዝገት ተነሥቶ ይመጣል። ይህ ደቃቅ አሸዋ ማውረጃውን በሚዘጋው ጎማ ሥር ሲቀመጥ ጎማው በደንብ አይገጥምም። ሳጥኑ ለቀናት ባዶ ሲቆይ ደግሞ ጎማው በሙቀቱ ይደርቅና ይጠነክራል። በመሆኑም አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ማጽዳት እንጂ መለወጥ አይደለም።

ለማጽዳት ውሃውን ዘግተው ሳጥኑን ባዶ ያድርጉ። ባለ ቁልፍ ፍላሽ ከሆነ በአብዛኛው መሐሉ ላይ የቆመውን አካል ወደ ግራ ትንሽ ሲያዞሩት ይወጣል፤ ከሥሩ በሱቅ ጎሚኒ የሚባለው ክብ ጎማ ይገኛል። ጎማውንና የሚያርፍበትን ጠርዝ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። የደረቀ ነጭ ጨው ካለ አቼቶ ያላቅቀዋል። በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ጠርዙን ስለሚቦረቡር አይመከርም። በረኪናም ሳጥን ውስጥ ሲቆይ ጎማ ይበላል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ አሮጌውን ይዘው ወደ ገበያ ይሂዱ፤ በዓይን ግምት የተገዛ ጎሚኒ እምብዛም አይገጥምም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ለዚሁ ስሕተት ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ጥፋቱ የማስገቢያው ቫልቭ ከሆነ በመጀመሪያ ተንሳፋፊውን ዝቅ ያድርጉ። ውሃው ከትርፍ ቱቦው አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ይህ ካልረዳ ክዳኑን ከፍተው ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎማ ይጠቡ። ከዚያ አፉ ላይ ኩባያ ደፍተው መዝጊያውን ለአፍታ በመክፈት አሸዋው እንዲወጣ ያድርጉ። ሲገጥሙ የፕላስቲክ ብሎኖችን በእጅ ማጥበቅ ይበቃል፤ በፒንሳ የተጠበቀ ብሎን ሸክላውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ውሃ ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ የፍላሹን መዝጊያ ዘግቶ የግቢውን ቧንቧ እስኪጠራ ማፍሰስ ብዙ ድካም ያስቀራል። የደፈረሰውን ውሃ በባልዲ ይዞ ለጓሮ አትክልት ማዋል ይቻላል።

ተመሳሳይ ተንሳፋፊ ቫልቭ በከብት ማጠጫ ገንዳና በሮቶ ላይም ይሠራል። ገንዳው ዙሪያ መሬቱ ሁልጊዜ ጭቃ ከሆነ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች መጀመሪያ ሊመለከቱት የሚገባው ይህንኑ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ተሞክሮ ፍሳሹ ካልቆመ፣ ወይም ውሃው የሚወጣው ከመቀመጫው ሥር ከሆነ፣ የቧንቧ ሠራተኛ መጥራት ያስፈልጋል።